የሰባተኛዋ አውሮፕላን ግራ ክንፍ

ካርኪቭ፣ ሐሙስ ጠዋት

ለምወድህና ለተናደድኩብህ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሮስቶቭ ንፋስ ጉልበትህን አሁንም ይጠዘጥዘዋል? ባለቤትህስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አወራለሁ። ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ ከልቤ ነው። ቁጣዬ ግን ከዚህ በታች ይጀምራልና ወንበር ስበህ ተቀመጥ።

ያቭዶካ ከሥራ ታገደች። በሠርግህ ዕለት ድምፅዋ እስኪዘጋ የዘፈነችልህ ያቭዶካ! ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ የክንፍ ጨርቅ ስትሰፋ የኖረችው። ያሳገዳት ማን መሰለህ? የአንተ የአደጋ ምርመራ ወረቀት ነው። «ሰባተኛዋ አውሮፕላን ስምንት መንገደኞች ይዛ ስትበር የግራ ክንፏ ጨርቅ በስፌት ጉድለት ተቀደደ፤ ፓይለቱ ጭቃ ማሳ ላይ ለማረፍ ተገደደ፤ የአንድ አዛውንት ክንድ ተሰበረ» ብለህ ጽፈሃል። በስፌት ጉድለት! አይ የኔ መካኒክ!

እኛ ፋብሪካ እያንዳንዷ ጨርቅ ሰፊ የጀመረችውን የስፌት መስመር ስትጨርስ በቀይ ክር የራሷን ምልክት ጣል ታደርጋለች፤ ምስጋናውም ወቀሳውም ባለቤቱን እንዲያገኝ። ተቀደደ በተባለው መስመር ጫፍ የያቭዶካ ሦስት ቀይ ጥልፎች ተገኙ። አለቀ። በማግስቱ በፋብሪካው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መርፌ ይዛ የምታንኮራፋ ወፍራም ሴት ተስላ ወጣች። የክፍሉ ኃላፊ ካርፖቪች ስብሰባ ጠርቶ፣ «ጓዶች፣ ይሄ እንቅልፍ ነው ወይስ አሻጥር?» አለን። ያቭዶካም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ጓድ ካርፖቪች፣ እንቅልፍ ቢኖርብኝማ አሁን አንተ ስትናገር እተኛ ነበር» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን አላዳናትም። ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። «እንቅልፍ» ካሉ ሥራዋንና የራሽን ካርዷን ታጣለች። «አሻጥር» ካሉ ወደ ሰሜን፣ ወደዚያ ብርድ ይወስዷታል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

አውሮፕላኗን እንዴት እንደምወዳት ታውቃለህ። ገና በወረቀት ላይ ሳለች ጀምሮ እወዳታለሁ። ክንፏ እንደ እንቁላል ክብ ነገር ስለሆነ ጨርቁ አልገጥም ብሎ ኢንጂነሩ ፀጉሩን ሊነጭ ሲደርስ፣ «ልጄ፣ ይሄ ክንፍ ሳይሆን የወፍራም ሴት ቀሚስ ነው፤ በሰያፍ ቁረጠው» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ከዚያ በሰያፍ ቆረጠው፤ ከዚያ መጥቶ እጄን ሳመኝ! የመጀመሪያዋ ስትሞከር ደግሞ ለክብደት በአሸዋ ከረጢት ፋንታ ስምንት ሠራተኞች ይሳፈሩ ተባለና አንዷ እኔ ሆንኩ። ሚዛን ላይ ስወጣ ሚዛን ያዡ፣ «አክስቴ፣ አንቺማ ብቻሽን መንገደኛውም ሻንጣውም ነሽ» አለኝ። ይበል! ተነሳን። የሎፓን ወንዝ ከመርፌ እንደ ወደቀ ክር ታች ተጋድሞ አየሁት። እየጮህኩ ሳቅሁ። ያቭዶካ አጠገቤ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ስትጠራ ቆይታ፣ መሬት ስንነካ «እኔ እንኳ አልፈራሁም» አለች። ወንድሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለዚህ ነው ዛሬ እንዲህ የምቃጠለው።

እስቲ ንገረኝ። እናታችን ስትሞት ሱሪህን እየጣፍኩ ያሳደግሁህ እኔ አይደለሁም? ክር ሲበጠስና ጨርቅ ሲቀደድ መለየት በስድስት ዓመትህ አላሳየሁህም? ቆርጠህ የላክኸውን የክንፍ ጨርቅ ቁራጭ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከያቭዶካ ስፌት አንዲት ጥልፍ እንኳ አልተበጠሰችም! ጨርቁ የተቀደደው ከስፌቱ ጣት ያህል ርቆ ነው። ጨርቁ የተቀባው ቫርኒሽ ደግሞ እንደ ወተት ስልባቦት በጥፍር ይነሳል። ጨርቅ አምስት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሐሉ አንድ ቀን ይደርቃል፣ ያኔ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሰባተኛዋ ግን የጥቅምት አብዮት በዓል ላይ ከሰልፈኛው በላይ መብረር ነበረባት። የብረት ምድጃ አስገብተው እርጥቡ ላይ እርጥብ ደርበው ሦስት ጊዜ ብቻ ቀቧት። ከዚያ በረዶ መጣ፣ ከዚያ ዝናብ። እርጥበት የጠገበ ጨርቅ ምን ይሆናል? አንተ ይህን ሳታይ ቀርተህ ነው?

እሑድን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። ሰነፍ ነህ እንዳልል ሰነፍ አይደለህም። ካርፖቪች በቮድካ ገዝቶህ ነው እንዳልል አንተ አትጠጣም። እንደዚህ ስል ስል ከአውሮፕላኗ ጋር የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ቅብ መድረቁ የሚፈረምበት ደብተር ትዝ አለኝ። ወንድሜ፣ እሱን ደብተር ከፍተኸዋል። አምስት ቀን፣ አምስት ጊዜ «ደርቋል»፣ ከሥሩ አምስት ፊርማ። ካርፖቪች በዚያ ሳምንት ብዕር እያቀበለ፣ «በይ አክስቴ፣ በዓሉ አይጠብቀንም፤ ሦስትስ ቢሆን አምስትስ ቢሆን ከላይ ማን ያየዋል?» ይል ነበር። ያ የእጅ ጽሑፍ አንተ ፊደል የቆጠርክበት ነው። አሁንም እያነበብከው ነው።

ስለዚህ ስፌት አልክ። ገብቶኛል። ግን በያቭዶካ አንገት ሰው ማዳን ማን አስተማረህ? እኔ አላስተማርኩህም!

ሁለተኛ ወረቀት ጻፍ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ ክሩን፣ ጨርቁን፣ ቫርኒሹን፣ ደብተሩን ከነገጹ። ለእኔ ሳይሆን ለኮሚቴው ላከው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ዘጠነኛዋ አውሮፕላን ናት፤ ከሰዓት በኋላ እጅህ ይገባል። አትፍራ፣ እሷ አምስት ጊዜ ተቀብታለች፤ እያንዳንዱን ቅብ በጥፍሬ ሞክሬዋለሁ። ነገ ስትመለስ መልስህን ይዛ ትምጣ። ባይመጣም ሰኞ ከያቭዶካ ጋር እገባለሁ፤ አፍ እንዳለኝ ታውቃለህ።

እዚህ በረዶው ቀልጧል፣ ሰው ሁሉ የክረምት ካፖርቱን እያራገፈ ሣጥን ውስጥ እየከተተ ነው። እኔ ግን የእኔን ሌላ ሱፍ እየደረብኩበት ነው።

ልጆቹን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳምልኝ። ጉልበትህን አሙቅ። እጅህ ቀና ይሁን፣ ቤትህም ሰላም አይጣ።

እስካሁን ያልማረችህ፣ ግን የምትወድህ
ታላቅ እህትህ