በዘገምተኛው ድስት ላይ የተሰጠ ፍርድ

ኅዳር 12 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለድንቢጥ፣ ለምላሰኛዋ የልጅ ልጄ፤

ሰላምታዬን ቶሎ ተቀበዪኝ፣ ቁጣው ከኋላ እየመጣ ነው። እንዴት ነሽ? ያ መሥሪያ ቤትሽ አሁንም ምሳሽን ቆመሽ ነው የሚያበላሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ይውላል፣ የቀሩት አምስት ጥርሶቼ ግን ታማኞች ናቸው። አያትሽም ደህና ናት። እንደምትወጃት ታውቃለች፤ እኔን አስበልጠሽ እንደምትወጂ ግን አልነገርኳትም፣ ለቤቱ ሰላም ብዬ።

እንግዲህ ሰላምታው አለቀ።

አባትሽ ተቆጥቶኛል፤ እኔም ተቆጥቼዋለሁ፤ የእኔ ይበልጣል። በስልክ ነግሮሽ ይሆናል፣ ግን በእሱ አፍ ሁሉም ነገር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስለሚመስል ከእኔ ስሚው። ከወር በፊት ድስት አረረ። አዎ፣ አረረ። የወጥ ቤቱ መጋረጃ ጫፉ ጠቆረ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጭሱን አይታ በሩን ደበደበች፣ አንድ ባልዲ ውሃ ተደፋ፣ አበቃ። ማን አሳረረው? እኔ። እሳት ላይ ጥጄው ፀጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ፣ ረሳሁት። ለአባትሽም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ለአንቺም በጽሑፍ አረጋግጬልሻለሁ።

እሱም መጣና የጋዙን ሲሊንደር ፈታ፣ ምድጃውንም ጨመረለት፣ ሁለቱንም መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። እኔ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሰላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ስጠብቅ ኖሬ፣ በየሰዓቱ የእንፋሎቱን ግፊት መዝገብ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ሰው ጣቱን እንኳ ሳላስለበልብ ጡረታ ወጥቼ፣ ምድጃ አጠገብ የማይታመን ሰው ተባልኩ። ያውም በማን? ሽንት ጨርቁ በዚያው እንፋሎት ይታጠብ በነበረው ልጄ።

ይህም ባልከፋ። በሩ ላይ ቆሞ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንድ ጊዜ እንኳ ጭስ ብሰማ አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ፣ እማዬ እህቴ ጋ ትሄዳለች። ሁለታችሁን አንድ ላይ የሚይዝ ክፍል ማናችንም ቤት የለም።» የአክስትሽ ቤት በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ስንቀማማ የኖርን ሰዎች እንደ ፎጣ ለየብቻ ታጥፈን በሁለት ቁም ሣጥን ልንቀመጥ ነው። «እስከዚያ ምን እንብላ?» አልኩት። «ከምግብ ቤት ይመጣላችኋል» አለኝ። መጣም። አያትሽ ክዳኑን አንስታ አሸተተችና «ይህን ያበሰለው ሰው ተይዟል?» አለች።

በዚህ መሃል ነው ያንቺ ደብዳቤ የደረሰው። ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አለ፣ ነበልባል የለው፣ አያር፣ ጠዋት ጨምራችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ ልግዛላችሁ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትታችሁት ትሄዳላችሁ። የት ነው የምንሄደው? ለማንኛውም ልብስ ሰፊዋ አንድ እንዳላት ሰማሁና ተውሼ ፈተንኩት። ስሙንም ዘገምተኛው ብዬዋለሁ።

መልኩን ልንገርሽ። ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ከባድ ሸክላ፣ ክዳኑ መስታወት። ቁልፉ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ዝቅ፣ ከፍ፣ ማሞቅ። እንደ አባትሽ ነው፣ አራተኛ ነገር ብትጠይቂው አይገባውም።

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ድንችና ካሮቱን ከታች፣ ሥጋውን ከላይ አደረግሁ። ካሮት ከሥጋ ይዘገያል፣ ሙቀቱ አጠገብ ይሁን ተብያለሁ። ውሃም አላበዛሁም፣ እዚያ ውስጥ የገባ ውሃ አይተንም። ቁልፉን ዝቅ ላይ አዙሬ የድሮ ልማዴ ነውና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሮቱን በሹካ ወጋሁት፣ ሹካው ተመለሰ። አስራ አንድ ሰዓት ላይም ተመለሰ። ዳቦ በሻይ በላን። እንዲያ ተናድጄ ሻይ ስጠጣ አባትሽ የሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ቀሚስ ትለካለች።

«ድስትሽ ሞቷል» አልኳት።

«አባባ፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ነበር?»

«እኔ? ቦይለር ስጠብቅ ክዳን የምከፍት ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬ ቆሜ አንቺን አነጋግር ነበር?»

ስፒሎቹን አወጣችና ሳቀች። «አንዴ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት። ሙቀቱ ሄዶ እስኪመለስ እኮ ነው። እርስዎ ካልከፈቱት ሌላ ሰው ከፍቶታል።»

ሌላ ሰው። እቤታችን ያለነው ሁለት ነን።

በዚያው ቀን እንደገና ጣድኩና በወጥ ቤቱ በር ትይዩ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መሃሉን በጣቴ በስቼዋለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አያትሽ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገባች። ክዳኑን አነሳች፣ በማንኪያ ጨለፈች፣ የእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ጨው ቆንጥራ ጨመረች፣ ከደነች፣ ወጣች። ታውቂያለሽ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ለአራት መቶ ተማሪ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ስድስት በርሜል የሚያካክሉ ድስቶች በረድፍ ተጥደው ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር፣ ስትከፍት ስትቀምስ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ይህንን ሙያ ነው ብዬ አለፍኩት። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች። ክዳን፣ ማንኪያ፣ የእጇ ጀርባ፣ ጨው።

«እሜቴ፣ አሁን እኮ ቀምሰሽዋል» አልኳት በቀዳዳው።

«ማን? ዛሬ ገና አሁን ነው ወጥ ቤት የገባሁት።»

«እጅሽ እንኳ አልደረቀም።»

እጇን አየችው። ቆይታ በቀሚሷ ጠረገችው። «አንተ ዝንጉ ሽማግሌ፣ ድስቴን አሳርረህ ስታበቃ ውሸት ደግሞ ጀመርክ?» አለችኝ።

ትናንት ምን እንደበላን ብትጠይቂያት አትነግርሽም። ድስቷን እንዳሳረርኩባት ግን በቀን አራት ጊዜ ታስታውሰኛለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ትቆምና «ምድጃዬን ማን ወሰደው?» ትላለች። «ልጅሽ ለጥገና ወሰደው» እላታለሁ። «ሳይጠይቀኝ?» ትልና እንደ አዲስ ትናደዳለች። ብቻዋን እንዳትናደድ ብዬ እኔም አብሬያት እንደ አዲስ እናደዳለሁ። ወር ሙሉ ቁጣዬ ያልበረደው ለዚህ ነው።

ክዳኑን በገመድ አሰርኩት። ገመዱን ፈትታ፣ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና «ድስት እንደ በግ የሚያስረው የማን ሞኝ ነው?» አለች።

ከትናንት በስቲያ እሁድ አባትሽ ሊፈትነን ለምሳ መጣ። ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥጄ ቁልፉን ከፍ ላይ አድርጌው ነበር፣ በሰባት ሰዓት እንድንበላ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። አባትሽ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። ለአክስትሽ ስልክ ሊደውል ነው ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ «ምን ሆኖ ነው የማይደርሰው?» ብሎ ወጥ ቤት ገባ፣ እዚያው ቀረ።

ከወንበሬ ሆኜ በበሩ አየኋቸው። አያትሽ ከፈተች፣ ጨለፈች፣ የራሷን ቀመሰች፣ ከዚያ እጁን ይዛ ጀርባው ላይ ጠብ አደረገችለት። «ቅመስ። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም እማዬ።»

ጨው ጨመረች፣ ከደነች። የመስታወቱ እንፋሎት ሳይጠራ እንደገና ከፈተች። «ና እስቲ ቅመስልኝ፣ አንተ ገና አልቀመስክም።»

ቀመሰ። ሦስተኛውንም ቀመሰ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ነገር ሁለቴ ሲነገረው ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ነው። ሦስተኛውን ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጎ መለሰላት። በአራተኛው ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ፀጉር አስተካካዩን አግኝቼው ነበር» አለኝ።

«እና?»

«ያን ቀን ከሦስት ሰዓት ጀምረህ እሱ ጋ ዳማ ስትጫወት ነበር አለኝ። ጭሱ የታየው በሰባት ሰዓት ነው። ጠዋት የተጣደ ድስት አራት ሰዓት ሙሉ ሳያር አይቆይም፣ አባዬ።»

«እኔ የጣድኩት ይቆያል።»

እጁን አየ። እጁ ጀርባ ላይ መረቁ ደርቋል።

«እሺ» አለ። «ያሳረርከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ከእንግዲህ በየእሁዱ እመጣለሁ።»

«ክዳን ልትቆጥር?»

«ልበላ።»

በአስር ሰዓት በላን። ጨው ነበር፣ ባሕር የጠጣን ነው የሚመስለው። አባትሽ ግን ሁለት ሳህን በላ፣ አንድ ጆግ ውሃ ጨረሰበት፣ እጅሽን ይባርከው ብሎ እናቱን ሳመ። ስለ አክስትሽ ቤት አላነሳም። ምድጃውን ግን አልመለሰም፣ እኔም መልስ አላልኩትም። ይህን እንደ ዕርቅ አትቁጠሪው። ሳያማክረኝ የሰው ቤት ምድጃ የነቀለ ልጅ ቢያንስ አንድ ክረምት ይኮረፋል።

አሁን ፍርዴን ስሚ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ዘገምተኛው ደህና ዕቃ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል፣ ለአምስት ጥርስም ይበቃል። እኛ ቤት ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት የሚያምን ሰው ይራባል። ይሁን፣ ምሳው ቢዘገይ ቀጠሮ የለንም። የፈለገችውን ያህል ብትከፍተው አያር፣ አይጨስ፣ ያለ ክብሪት ይሠራል። ስለዚህ ግዢ። ትልቁን ግዢ፣ እሁድ እሁድ ሦስት ነን። የክዳኑ እጀታ የማያቃጥል ይሁን፣ እሷ በጨርቅ አትይዝም። ቁልፉም የሚዞር ይሁን እንጂ እንደ ስልክ የሚነካካ አይሁን። ጨው እኔ አልጨምርም፣ የእሷ ይበቃናል።

ለአባትሽ ስትደውዪ እንደተናደድኩበት ነኝ በዪው። እሁድ ሲሄድ ኮቱን ሳይቆልፍ ነው የወጣው፣ ደረቱ ደግሞ ብርድ አይችልም። ይቆልፍ በዪው፣ ግን ከራስሽ እንደመጣ አድርገሽ።

የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ፣ የጣድሽው ይብሰልልሽ፣ አጠገብሽ ቆሞ የሚቀምስልሽ ሰው አትጪ።

ቁጣው ያልበረደለት
አያትሽ