ጸበል የተረጨው ኮምፒውተር

ይድረስ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ለወረድከው ወንድሜ ለይሄነው፤ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ።

ትተኸው የሄድከው ኮምፒውተር አልነሳ አለ። አባዬ «ቡዳ ነው!» ብሎ የንስሐ አባታችንን ከአዲስ ቅዳም አስመጣና ጸበል አስረጨው። ደግነቱ ሶኬቱን ቀድሜ ነቅዬው ነበር። ጠላ ሊቀምሱ ዞር ሲሉ፣ ከአይሲቲ መምህራችን የተዋስኩትን የሊኑክስ ሲዲ ከተትኩበት። ቀላል ሲስተም ነው፤ ከሲዲው ብቻ ይነሳል፣ ውስጥ ያለውን አይነካም። አባ ስክሪኑ ሲበራ ቢያዩ መስቀላቸውን ይዘው ዘለሉ! አባዬም ተአምሩን ለዳንግላ ባለጋሪዎች ሁሉ አዳረሰ። እኔም ተንኮሌ እንዳይታወቅ አሁን በተከፈተ ቁጥር ሲዲውን በነጠላዬ ሸፍኜ እከታለሁ።

ፎቶዎችህ አንድም አልጠፉም። እማዬ ድምፅህ ከጠፋበት ከመስቀል ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ ፎቶህን ካየች በኋላ ግን እህል መቅመስ ጀምራለች። የመተማ ኔትወርክ ከእኛም ይብሳል አሉ፤ መቼስ እሱ ነው። ደብዳቤውን ላመጣልህ ሹፌር መልስ ስጠው፤ «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

መምህሩ ዛሬ ከደጃችን ድረስ መጥቶ ስለጠየቀኝ ሲዲውን ነገ እመልስለታለሁ። ፈጣሪ ከበረሃው ንዳድ ይሰውርህ። እህትህ እመቤት።

ቆይ፣ እማዬ ከበሩ ላይ እየጠራችኝ ነው፦

«እመቤት! ያንን ከነጠላሽ ስር ያለውን ጸበልሽን እንዳትመልሺው፤ ነይ ክተቺውና ልጄን ልየው!»