ያልተከፈተው ቅርጫት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ በዚህ ዝናብ አልባሰብህም? እኔ ደህና ነኝ፤ የቅርንፉድ ለቀማው ደርሶ ጣቶቼ ጠቁረዋል። አጎታችን ቦቶቫው ግን አሁንም ስምህን አይጠራም። "ያ የደሴቲቱ ዘበኛ" ነው የሚልህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተቀይሜሃለሁ። እማዬ ስትሞት የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንደ ወጋችን ጊዜው ሲደርስ አጥንቷን አንስተን ደሴቲቱ ላይ፣ በዋሻው፣ ከአባባ ጎን እንድናሳርፋት። ይህን ልናስፈቅድ በታንኳ ብንመጣ፣ ዳርቻው ላይ ቆመህ የመለስከን አንተ ነህ። "ሕግ ነው፤ ጫካው የእንስሳቱ፣ የሌሙሮቹ ነው፣ አዲስ ሬሳ አይገባም" አልክ። ከዋና ከተማው ከአንታናናሪቮ የመጣው አለቃህ ከኋላህ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አጎታችን "ሌሙር መግደል ነውር ነው ብላ ያሳደገችህ ማን ሆነችና ነው!" ሲልህ መሬት መሬት አየህ።

ያ ጫካ እስከ ዛሬ የቆመው ሙታኖቻችንን ፈርተን እንጂ የእናንተን ሰሌዳ አይተን አይደለም። ፈረንጅ ግን ትኬት ከቆረጠ የአባባን መቃብር ፎቶ ያነሳል። አንተም "የጥንት ሰዎች ናቸው" ትላቸዋለህ አሉ። የጥንት ሰዎች! መቅዘፍ ያስተማረህን አባትህን!

ባለፈው ሳምንት የፈረንጆቹ ምግብ አብሳይ ሆኜ ስመጣ ሳይገርምህ አልቀረም። የሌላውን ሁሉ ሻንጣ "ወጥመድ እንዳይኖር" እያልክ ስትበረብር የእኔን ቅርጫት አልከፈትክም፤ አፍረህ ይመስለኛል። ጭራሽ ተሸከምክልኝ። ዳገቱን ስትወጣ "አንቺ፣ ይሄ ሩዝ ነው ላባ? ሰዎቹን በረሃብ ልትፈጂያቸው ነው እንዴ?" ብለህ ስትቀልድ አለቀስኩ። የተከፋሁ መስሎህ "ኧረ ስጫወት ነው" አልከኝ። በቀልድህ አይደለም፣ ወንድሜ። ያ ሸክም በወጋችን የበኩር ልጅ ድርሻ ስለሆነ ነው።

እናንተ ሌሙር ፍለጋ ስትሄዱ እኔ ወደ ዋሻው ሄድኩ። ለአባባም አረቄ አፈሰስኩለት። እንግዶችህ ያን ቀን ሙዝ ብቻ በልተው ስለዋሉ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ስንመለስ "ከጫካው ምንም ይዛችሁ እንዳትወጡ" ብለህ አስጠነቀቅከን። እኔ ምንም አላወጣሁም።

ከእንግዲህ መንደር ስትመጣ ከቅርንፉዱ ሥር ወዳለው የእማዬ መቃብር አትድከም። ፈረንጆቹን ወደ ዋሻው ስትወስድ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርግ። በትንሽ ኮሽታ እንደምትነቃ ታውቃለህ።

አባቶቻችን መንገድህን ያቅኑልህ፤ ጉልበትህንም ይማሩልህ።

የእናትህ ልጅ