አባባ የመረጡት ቅጂ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለቴሌሲያ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን አቋርጦ አፒያ ከደጃፍሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? ባልሽ ፊሊፖ፣ ልጆቹስ እንደምን አሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደኅና ነን፤ ልቤ ግን ሰሞኑን ዕረፍት የላትም። በስልክ እንዳልነግርሽ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ነገሩም የአባባ ነውና ብዕር አነሣሁ።

እንደምታውቂው አባባ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ይመራሉ። ዘንድሮ ለበዓሉ መዝሙሮቹ በስቱዲዮ ተቀረጹ። ወንድማችን ማላኪ ዋናው ቅጂ ለስልክ ይከብዳል ብሎ ጨምቆ ኤምፒስሪ የሚሉት ቀላል ፋይል አድርጎ አሳነሰው። አባባ ይህን ሲሰሙ፣ «ፍሬውን ጥላችሁ ገለባውን ለሕዝቡ ልታበሉት ነው?» ብለው ተቆጡ። የማላኪን አፍ ታውቂው የለ? «አባባ፣ ልዩነቱን የሚሰማ የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፤ ክንፍ አብቅለው ከሆነ ይንገሩን» አላቸው። «የአንተ ጆሮ የተፈጠረው ለጉትቻ ነው!» አሉት።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የጎደሬው ሳህን ሳይነሣ፣ ማላኪ የኮምፒውተሩን ስክሪን በጨርቅ ሸፍኖ አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ አሰማን፤ አንዴ ዋናውን፣ አንዴ በመጠኑ የተጨመቀውን፣ አንዴ ደግሞ ክፉኛ የተጨመቀውን፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልነገረንም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ማናችንም መለየት አቃተን። የቀጭኑን ድምፅ የምትመራው አክስታችን ሲናፓቲ እንኳ ገመተች እንጂ አላወቀችም። ሦስተኛው ግን ጉድ ነበር። ጽናጽሉ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ መሰለ፤ የሴቶቹም ድምፅ ጫፍ ጫፉ ተሸረፈ። ሲናፓቲ ጆሮዋን ያዘች። አባባ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «ይኸው! ዋናው ይህ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይለየዋል» አሉ።

አሁን ሊስቅባቸው ነው ብዬ ስፈራ፣ ማላኪ ቀስ ብሎ፣ «ልክ ነዎት አባባ፣ አሸንፈውኛል» አለ። ሲናፓቲ ሳህን ሰብስባ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት። «ሉፔ፣ ወንድሜ፣ አባትሽ፣ መስማት አቅቶታል» አለችኝ። «ልምምድ ላይ ከፍ አድርጉ፣ ከፍ አድርጉ እያለ ጉሮሯችንን ሊበጥሰው ነው። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀምረዋል።»

ከዚያ ወዲህ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ አባባ አጠገቡ ዝም ብለው የተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ ትዝ ይለኝ ጀመር። ይባስ ብሎ ያንኑ ሦስተኛውን ቅጂ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላኩት ብለው አዘዙ። ማላኪ «ነገ፣ ነገ» እያለ ይሸሻል። በመጨረሻ ሐሙስ ዕለት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ የመረጡት ክፉኛ የተጨመቀውን እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉኝ። «ማላኪ ከተወለደ ጀምሮ ሳያሾፍብኝ ልክ ነዎት ብሎኝ ያውቃል? ሦስቱም ለእኔ አንድ ነበሩ፤ በግምት ነው የተናገርኩት፤ ላኩት ያልኩትም አፍሬ ነው። ሴቶቹንም የምከተለው አፍ አፋቸውን እያየሁ ነው።» እጃቸውን ያዝኩት።

ለማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ አስይዤያለሁ፤ እሺ ብለዋል። ማላኪም በመጠኑ የተጨመቀውን ለሰው ሁሉ ልኳል። ግን ሐኪሙ ምን ይል ይሆን? መሣሪያ ቢደረግላቸውስ መዝሙሩን እንደ ድሮው ይሰሙት ይሆን? በበዓሉ ዕለት ማን ይመራል ብዬ ልጠይቃቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ይህን እንድጽፍልሽ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ፊሊፖ ከሥራ መውጣቱን ስትነግሪያቸው «ደግ፣ ደግ» ብለው የሳቁት፣ እታለም፣ ቃልሽ ስላልደረሳቸው ነው። ቀጭን ድምፅሽ ስልኩ ውስጥ ይጠፋባቸዋል፤ ምን አልሽ ብሎ ደጋግሞ ከመጠየቅ መሳቅ ይቀላቸው ነበር። አንቺ በኋላ ለእኔ እያለቀስሽ የነገርሽኝን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቂም አትያዢባቸው።

ፊሊፖን አይዞህ በይልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥቻለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሲናፓቲና ማላኪ በብዙ ናፍቆት ሰላም ይሉሻል። አባባ ደግሞ፣ «ልጄ ድምፅዋን አወፍራ፣ ቀስ ብላ እንደገና ትንገረኝ» ብለው ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

እህትሽ ሉፔ
ሎጋን፣ ኩዊንስላንድ
ኦገስት 2016