ብረት እያቀለጡ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ዕቃ የሠሩት የአቶ አወቀ ታረቀ የሕይወት ታሪክ

አቶ አወቀ ታረቀ ከአባታቸው ከአቶ ታረቀ ቢያድግልኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ እንዳላማው፣ በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም አጠገብ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ፊት ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስ ሄደው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ።

ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ በመካኒክነት አገለገሉ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልጣሽ ፈንታ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አይናለምን፣ መሳፍንትንና ወንጌላዊትን ወለዱ።

ጋራዡ በ1985 ዓ.ም. ሲዘጋ በመኖሪያ ግቢያቸው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ የግብርናና የወባ ሠራተኞች ይነዷቸው የነበሩት ሞተር ብስክሌቶች መለዋወጫ አጥተው በየጓሮው የዶሮ ማደሪያ ሆነው ነበር። አቶ አወቀ የተሰበረውን ዕቃ እያዩ በዋንዛ እንጨት አምሳያውን ይቀርጻሉ፤ እንጨቱን ከጨሞጋ ወንዝ ባመጡት አሸዋ ውስጥ አትመው ያወጡና፣ የአሮጌ መኪና ፒስተን አቅልጠው በቦታው ያፈሳሉ። የቀለጠ ነገር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር እንጨቱን ሁልጊዜ ከዕቃው ጥቂት አስበልጠው ነበር የሚቀርጹት። በሠሩት ሁሉ ላይ «አ» የምትል ፊደል አለች። ውስጡ አየር የያዘ ዕቃ ከወጣ ራሳቸው በመዶሻ ይሰብሩታል። «ዐይን ለእንጀራ ነው እንጂ ለፍሬን አይሆንም» ይሉ ነበር።

ሀገሬው ግን ዕቃቸውን እንጂ እሳቸውን አልወደደም። «ቀጥቃጭ» እያለ ሲያማቸው የዋለ ሰው፣ ሞተሩ ሲቆምበት በጓሮ በር ገብቶ «ጋሽ አወቀ፣ አይጨክኑብኝ» ይላል። የሠሩለትን ይዞ ይወጣል፤ ከቤታቸው ግን እህል አይቀምስም። እኔ ታናሽ እህታቸው የብርጓል ይህን ሳይ ኖሬያለሁ።

ልጆቻቸው «አክስቴ፣ የዚያን ዓመቱን ነገር ይለፉት፤ ለቅሶ ላይ ነን» ብለውኛል። አላልፈውም። በ2011 ዓ.ም. ምስጋናው የተባለ የእንስሳት ሐኪም ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወርድ የሞተሩ የፍሬን እጀታ ተሰበረ፤ ገደል ገብቶ ሞተ። እጀታው ላይ «አ» ስለተገኘ ሰው ሁሉ በወንድሜ ላይ ተነሣ።

እሳቸው ስብርባሪውን ገጥመው በካሊፐር ለኩት። ከእሳቸው እጀታ በሁለት ሚሊ ያንሳል፤ ስብራቱም ዐይን በዐይን ነው። አንድ የደጀን ነጋዴ የእሳቸውን እጀታ ራሱን እንደ ቅርጽ ተጠቅሞ፣ ከነፊደሉ፣ ከተጣለ ድስት እያፈሰ ሲሸጥ ኖሯል። ለመኮማተሩ ማካካሻ ስላላደረገ ዕቃው አነሰ፤ ቀዳዳው አልገጥም ሲል በሞረድ አስፍቶ አሳሳው። ምስጋናው ከዚሁ ሰው ሱቅ መግዛቱን ሚስቱ ተናግራለች። የነጋዴውን ስም አልጽፍም። ከወንድሜ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲታተም እጸየፋለሁ።

የሟች ወንድሞች ጠመንጃ ሲያነሡ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነጋዴውም ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል! ወንድሜ ሁለቱን እጀታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስረዱ፣ «በሁለት ሚሊ አገር አይታመስም፤ ደም ከሚፋሰስ እርስዎ ድንጋይ ይሸከሙ» አሏቸው። እሳቸውም የምስጋናውን እናት ዕንባ አይተው እሺ አሉ። ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ባላጠፉት ጥፋት ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ነጋዴው «እግዜር ይቅር ይበልዎ» ብሎ ሲመርቃቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ነበር፤ ወንድሜ በዐይናቸው ከለከሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቱን አላነደዱም። የሠሩላቸው ሰዎች በበራቸው ሲያልፉ ሰላምታ ነፈጓቸው፤ እነዚያው ሰዎች ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠው ደረት ይመታሉ።

አቶ አወቀ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ስለ ሕይወታቸው ምን እንድጽፍ ጠየቅኋቸው። «ብዙ አታብዢ። ያ እጀታ የእኔ አልነበረም በይ» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ ድንኳን ያላችሁ ሁሉ፣ ድንጋዩን ያሸከማችኋቸውም ጭምር፣ ስሙ፦ እጀታው የአወቀ ታረቀ አልነበረም።

ነፍሳቸውን፣ እውነት ምስክር በማያሻት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።