ከሆዴ ላይ ስለተነሳው እጅ

ለተከበሩ የልብ ሕክምና ሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ደረጃ ወጥቶ «እንደምን አደራችሁ» ለማለት የሚበቃ ትንፋሽን እመኛለሁ። እኔ በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ የማስተላልፍ፣ አፌ ስለማይቋረጥም አድማጮቼ «ጎርፉ» የሚሉኝ ሰው ነኝ። ጉዳዬን በቃል ላስረዳ ጸሐፊዎ ዘንድ ቀርቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ንግግሬ ሳያልቅ ትንፋሼ ስላለቀ፣ እሳቸውም የጨረስኩ መስሏቸው «እሺ፣ እናስተላልፋለን» ብለው ስለሸኙኝ፣ ወደ ጽሑፍ ዞሬያለሁ። የሚያስቸኩለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እንደ እኔው ልቡ ምቱን እየሳተ ስላስቸገረው፣ የፊታችን ሰኞ እኔ የታከምኩበት አልጋ ላይ ይተኛል።

አንደኛ፣ ስለ ልቤ አመሰግናለሁ። ቀጭኑ ቱቦ በብሽሽቴ ደም ሥር ገብቶ፣ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ የሚረብሸውን ቦታ አቀዝቅዞ ጸጥ አሰኝቶታል። ልቤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይመታል፤ የጠፋብኝ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ነርሷ። ይህች ትሁት እህታችን ከሕክምናው በፊት አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ልብን ታክኮ የመተንፈሻ ነርቭ እንደሚያልፍ፣ ቅዝቃዜው እንዳይጎዳውም በኤሌክትሪክ እየነካኩ ሆዴን እንደ ስቅታ እንደሚያዘልሉት፣ እሷም እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ዝላዩ የደከመ እንደሆነ «አቁሙ!» ብላ እንደምትጮህ አስረዳችኝ። አይዞህ ጋሼ፣ እጄ ከዚህ ንቅንቅ አይልም አለችኝ። እርስዎ እስኪመጡ ድረስም ቃሏን ጠብቃለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። አዲሱን መሣሪያ ለእንግዶችዎ ለማሳየት ብቅ ብለው ክፍላችንን ስላደመቁት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማደንዘዣው ቢያፈዘኝም ጆሮዬ ሥራ ላይ ነበርና፣ «አንቺም ነይ እንጂ፣ ፎቶው ውስጥ ግቢ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አለቃ ጠርቶ ማን እምቢ ይላል? እጇ ተነሳ። ሐኪሙም ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ። ሆዴ ጥቂት ዘለለ፣ ደከመ፣ ከዚያ ዝም አለ። «ፈገግ በሉ» ሲባል እኔም ከተሸፈንኩበት ጨርቅ ሥር ሆኜ ፈገግ ብዬ ይሆናል፤ ይሉኝታ ክፉ ነው።

ፎቶው ዛሬ ተመላላሾች በምንቀመጥበት ኮሪደር ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ሁላችሁም አምሮባችኋል። ነርሷ እጆቿን አጣምራለች፤ ከኋላዋ ማንም ያልነካው፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰው ሆድ የእኔ ነው። ሊያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይሄ ነው።

አራተኛ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብል ጭንቀት ነው ተባልኩ። በስንት ልመና ራጅ ስነሳ፣ ያ ነርቭ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሳንባን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ በቀኝ በኩል ሽቅብ ተሰቅሎ ሥራ ማቆሙ ታየ። ያኔ ደግሞ የታወቀ ጉዳት ነው፣ ፈርመዋል አላችሁኝ። የታወቀ ከሆነ ስለምን አልተጠበቀም ብዬ ስጠይቅ የፈረምኩበትን ወረቀት ደግማችሁ አሳያችሁኝ።

አሁን አጥቂው ኳሷን ይዞ ሳጥን ውስጥ ሲገባ እኔ ትንፋሽ ልሰበስብ እቆማለሁ፤ ስመለስ ጎሉ ገብቶ ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ናት። አድማጮች ጣቢያው የተቋረጠ መስሏቸው ሬዲዮናቸውን ይመታሉ። የጫማዬን ማሰሪያ ባለቤቴ ታስርልኛለች፤ ጎንበስ ስል ስለምታፈን። ተጋድሜ መተኛት ቀርቶ ትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ነርቩ ቀስ ብሎ ሊያገግም ይችላል ብላችሁኛል፤ እየጠበቅሁ ነው፣ ፈርቻለሁም።

ክቡር ሆይ፣ አባታችን ይህንኑ ሕመም ሳይታከሙ ቀርተው፣ የረጋ ደም ጭንቅላታቸው ገብቶ፣ አንደበታቸው እንደተዘጋ አልፈዋል። ስለዚህ ወንድሜን «ሕክምናው ይቅርብህ» ልለው አልችልም፤ «ሂድ» ልለውም ምላሴ ይያዛል። እሱም በየቀኑ እየደወለ፣ ወንድም ጋሼ፣ እጇን ታቆይልኝ ይሆን ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ውድ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ እጅ እየነሳሁ፣ በግማሽ ሳንባ ግን በሙሉ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ታማኝ ታካሚዎ፣
ጎርፉ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ እንግዳ ካለብዎትና ነርሷ ለፎቶው የግድ ካስፈለገች፣ ከማለዳው ጀምሮ በሩ ላይ ነኝና ያስገቡኝ፤ እጄን ወንድሜ ሆድ ላይ እኔ አደርጋለሁ። ዝላዩ ሲደክም ግን «አቁሙ!» ብዬ ለመጮህ ትንፋሽ ስለማይበቃኝ፣ ያቺን አንዲት ቃል እርስዎ ይጩሁልኝ።