ቆመው የከረሙት ጠርሙሶች

ልጄ፣ ዓይኔ ባያይሽም የሚያይሽ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ እንዳለን አለን፤ የጓዳው ጣሪያም ማፍሰሱን አልተወም።

አባትሽ ጡረታ ሲወጣ የወይን ፋብሪካው ከሰጠው ቀይ ወይን እሁድ አንዱን ከፈትን። ጠርሙሶቹን አስተኚያቸው እያለኝ፣ ቦታ ሲጠበኝ አቁሜያቸው ነበር። ለካ ወይኑ ስላልነካው ቡሹ ደርቆ አየር አስገብቷል። አባትሽ ግን የበግ ሥጋውን ጎርሶ ተጎነጨና "ከሥጋው ጋር ልክክ ብሏል" አለኝ። ብቀምሰው ኮምጣጤ ነው። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካው ወይን ቀማሽ የነበረ ሰው! ሐኪሙም የጠፋው የምላሱ ጣዕም አይመለስም ብሎናል። "አዎ፣ ልክክ ብሏል" ብዬ ዋጥኩት። የቀሩትም ጠርሙሶች አብረው ቆመው ስለከረሙ ያው ኮምጣጤ ናቸው።

አደራሽን፣ እሁድ ስትደውዪ የቱ ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ጠይቂው፤ ያን እውቀቱን አልረሳም። ያንቺንም ብርጭቆ ሁሌ ይቀዳል፤ እኔ እጠጣልሻለሁ። አንቺን አምላክ ጣፋጩን ያቅምስሽ።